ጥጥ ያወጣ አደይ

ቢጫ አበባ ባዩ ቁጥር «አደይ!» የሚሉ ሰዎች ያበሽቁኛል። በቀደም ለታ የጎረቤቴ ምራት ከቆላ ገበያ ስትመለስ አንድ እፍኝ ቢጫ አበባ ይዛ መጥታ «እማማ ዘርፈሽዋል፣ አደይ አመጣሁልዎ» አትለኝም! በግንቦት! «የምን አደይ ነው፣ ዓይን የለሽም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። ልጅቷ ክው አለች። በኋላ እኔው አፈርኩና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪው አልኳት። የአደይ ቅጠል እንደ እንስላል ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ይሄ ግን ነጭ ጠጉር ለብሷል፣ ሲያሹትም እጅ ላይ የሚቀር ሽታ አለው። ደግሞ አደይ ሲያረጅ ጥቁር ፍሬ ይይዛል እንጂ ጥጥ አያወጣም። ይህን ያወቅነው በእህቴ በወለተሐና ነው፤ ያወቅነውም በደግ ቀን አይደለም።

እንግዲህ ካነሳሁት ልናገረው፤ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ።

ወለተሐና ታላቄ ናት። በመካከላችን የነበሩትን ፈንጣጣ ጠርጎ ወሰዳቸውና እሷ በኩር፣ እኔ መቋጫ ሆነን ቀረን። «እትዬ» ነበር የምላት። እናታችን «ዘርፌ አፍ ናት፣ ሐና እጅ ናት» ትል ነበር፤ አልተሳሳተችም። እኔ ሳወራ እሷ ትፈትላለች። አንኮበር ውስጥ ፈታይ ሞልቷል፤ ሸማኔዎቹ ግን የእትዬን ልቃቂት ለይተው ይጠይቁ ነበር። ጥጡን አሊዩ አምባ ወርዳ ከነጋዴው ከአወል ትገዛለች፣ ፍሬውን ታወጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ከዚያ ባዘቶውን ይዛ እንዝርቷን ማሾር ነው። ዓይኗን ጨፍና ጥጡን በጣቷ ብቻ ትዳብስና «አወል፣ ይሄ የዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ ከከረመው ቀላቅለህብኛል» ትለዋለች። እሱም እየሳቀ «ወላሂ ይቺ ሴትዮ ጣቷ ላይ ዓይን አላት!» ይልና ይለውጥላታል።

ባሏ ደምመላሽ ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ጎራዴ የታጠቀ ጀግና ይመስለዋል፤ ሰውዬው ግን ዶሮ ማረድ የሚፈራ፣ አጠር ያለ፣ ሳቁ ከቁመቱ የሚበልጥ ጫኝ ነበር። በቅሎ ይጭናል፣ ይነዳል፣ ያራግፋል፤ ኑሮው መንገድ ነው። ሲመለስ ገና ከታችኛው እርከን ላይ ሆኖ «ሐና! በሩን ክፈቺ!» ብሎ ይጮኻል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። እሷ ግን የበቅሎዎቹን ኮቴ አስቀድማ ሰምታ በሩን ከፍታለች፤ ተመልሳም ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መፍተል ይዛለች። «ግባ፣ ተከፍቷል» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንድ ቀን «ምነው ወጣ ብለሽ ብትቀበዪው?» ብላት «ከወጣሁማ መጮኹን ይተዋል፤ እኔ ደግሞ ጩኸቱን ነው የምወደው» አለችኝ። ልጅ አልሰጣቸውም። ቢሆንም ያ ቤት ሳቅ አጥቶ አያውቅም።

በመስከረም ደግሞ ደምመላሽ የትም ይዋል የት አደይ ነቅሎ ይመጣል። በሩ ላይ ይሰካል፣ ወለሉ ላይ ይበትናል፣ አንዷን እትዬ ሻሽ ላይ ይሸጉጥባታል። እኔም ላይ ሊሸጉጥ ሲሞክር እጁን እመታው ነበር። «ይቺን ያገባ ሰው ጋሻ ይግዛ» ይላል።

ከዚያ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ዞረ። ጌቶቹ ሄዱ፣ ከነሱ ጋር ጭነቱም ሄደ፣ አንኮበር ቀዘቀዘች። ጫኝ ሁሉ አጥር ጥግ ፀሐይ ሲሞቅ መዋል ጀመረ። ደምመላሽ ሲያስብ ሰነበተና ከአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ጋር እስከ ባሕር ልውረድ አለ። እትዬ እንዝርቷን አቆመች። እሷ እንዝርት ካቆመች ሌላው ሰው ኡኡ ብሏል ማለት ነው።

«በረሃው ሰው ይበላል» አለችው። «ንዳዱስ?»

«ንዳድ ሥጋ ያለውን ነው የሚይዘው፤ እኔን ምኔን ያገኛል?» ብሎ ሳቀ።

«መቼ ልትመለስ ነው?»

«አደይ ሲፈነዳ በርሽ ላይ ነኝ።»

የኛ አገር ቀጠሮ እንዲህ ነው። ቀን ቆጥሮ ራሱን የሚያስር የለም። ገብስ ሲያሸት፣ አደይ ሲፈነዳ ይባላል፣ ሰውም ይደርሳል። በታኅሣሥ ከአጨዳው በኋላ ወረደ። እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ሸኘነው። እትዬ አላለቀሰችም፤ መንገደኛን በእንባ መሸኘት ገድ የለውም ብላ ነው። ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ሳቁ ከታች ይሰማን ነበር።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። ያን ዓመት የወጣው አደይ እንዲያው ጉድ ነው፤ ተረተሩም አጥሩም ቢጫ ለበሰ። እትዬ የበቅሎ ኮቴ በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ በሩን ትከፍታለች። የሌላ ሰው በቅሎ ይሆናል። መልሳ አትዘጋውም፤ ይውላል እንደተከፈተ። ዕንቁጣጣሽ አለፈ። መስቀል አለፈ። እኔ «አሁን ይመጣል» እላለሁ፣ እሷ ትፈትላለች።

ከመስቀል ወዲያ አንድ ረፋድ ላይ አወል፣ ያው የጥጥ ነጋዴው፣ ዳገቱን ወጥቶ ላቡን እየጠረገ በራችን ላይ ቆመ። ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል።

«የምሥራች!» አለ።

«ምሥር ብላ!» አለች እትዬ፤ እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ።

አወል ከወገቡ በቁራጭ ቆዳ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። «ደምመላሽ ልኮልሽ ነው። በሰው በሰው ዞሮ ነው እኔ ዘንድ የደረሰ። አደይ ፈንድቷል፣ ደርሻለሁ በሏት ብሏል።»

ቆዳውን ፈታችው። አንዲት የደረቀች፣ የተጨፈለቀች ቢጫ አበባ ናት፤ ቅጠል የላትም፣ ከአንገቷ በታች ተቀንጥሳለች። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘን! እትዬ እልል አለች፣ እኔ እልል አልኩ፣ ጎረቤት እልልታችንን ሰምቶ «ምንድን ነው?» እያለ መጣ፣ የመጣውም እልል አለ። ነገሩ ለኛ ግልጽ ነበረ። አደይ የደጋ አበባ ነው፤ በረሃ አይበቅልም። ሰውዬው አደይ ቀንጥሶ ከላከ በረሃውን ተሻግሮ የደጋ መሬት ረግጧል ማለት ነው፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እዚህ ነው። እትዬ ለአወል ማር አወጣችለት፤ እሱም እየላሰ ሳቀ።

እኔ አበባዋን አሸተትኳት። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ግመል ነዋ!» አለች እትዬ እየሳቀች።

«ደግሞስ ቢጫው ምነው እንዲህ ቀጫጭን ሆነ?»

«አንቺንስ በቆዳ ጠቅልሎ በግመል የሚጭንሽ ቢገኝ ምን ትመስዪ ነበር?» አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ አበባዋን ሙዳይዋ ውስጥ አስቀመጠቻትና ክዳኑን ገጠመች።

ጠላ ጠመቀች። ግድግዳውን ለቀለቀች። ጠላው ደርሶ ሰውዬው አልደረሰም፤ ኮመጠጠ፣ ለጎረቤት ታደለ። በጥቅምት ደግማ ጠመቀች፣ ያም ኮመጠጠ። በኅዳር ስትጠምቅ እኔ ጌሾውን እየወቀጥኩላት አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ እኔ ዝም ካልኩ እንግዲህ ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ እወቁት።

ከዚያ ወሬው ተጀመረ። እናናየሁ የምትባል ጎረቤት ነበረችን፣ አፏ ወፍጮ ነው፣ ያገኘውን ይፈጫል። ምንጭ ላይ ሴቶች በተሰበሰቡበት «ደርሻለሁ ያለ ሰውዬ የት ነው የደረሰው?» አለች። «አደይ እንደሆነ መንዝም አለ፣ ተጉለትም አለ። ደርሷል እንጂ! ሌላዋ ናት በሩን የከፈተችለት።» እንስራዬን አስቀምጬ ልደርስባት ስል ያዙኝ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ደግነቱ ማጭድ አልነበረኝም። ግን ምን ያደርጋል፣ ነገሯ ሰው ጆሮ ገባ። አበባው ራሱ ይመሰክርባታል፤ ባልሽ ደጋ ወጥቷል፣ አንቺ ዘንድ ግን አልመጣም ይላታል።

የእትዬ መከራ ይሄ ነው። ባል አላት እንዳይባል ሰውዬው የለም። ፈትቷታል እንዳይባል የፈታት ቃል የለም። ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ የመጣው የምሥራች ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው። እሷ ግን የምትፈራው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ባዘቶ እየጠቀለለች «ዘርፌ፣ ሌላ ሴት ዘንድ ቢሆን ደስ ባለኝ» አለችኝ። «አብደሻል?» አልኳት። «ሌላ ሴት ዘንድ ከሆነ በልቷል፣ ጠጥቷል። ከሞተ ግን ያለ ፍትሐት እዚያው ወድቋል፤ እኔም እዚህ ጠላ እየጠመቅሁ ነው» አለች።

ወደ ንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ወልደ ሰንበት ሄድን። ደግ ሰው ናቸው። አገጫቸውን ይዘው ሰሟትና «ልጄ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም» አሏት። «መርዶ ያመጣ ሰው አለ? መሞቱን ያየ አለ? እኔ እስከማውቀው የመጣልሽ የምሥራች ነው። ጠብቂው።» ምን ይበሉ? እውነታቸውን ነው።

በጥር የሚካኤል ማኅበር ተራው የእትዬ ሆነ። ጽዋው እሷ ቤት ነው፤ መምሬም አሉ፣ እናናየሁም ማኅበርተኛ ናትና መጥታለች። ሰው በልቶ ጠጥቶ ጨዋታ ሲጀመር እናናየሁ ጽዋዋን አንስታ «ወለተሐና፣ የዛሬው ጠላሽ እንኳ አልኮመጠጠም። ዛሬ የሚጠበቅ ስለሌለ ይሆን?» አለች። ምነው ሸዋ! እኔ ስነሳ እትዬ ትከሻዬን ተጭና አስቀመጠችኝ። ጓዳ ገባችና ሙዳይዋን ይዛ ወጣች።

«ይህን የላከልኝ ሰው ሌላ በር አያንኳኳም» አለች። «እዩት፣ ሁላችሁም እዩት።» ክዳኑን ከፈተች።

አበባው የለም። ቢጫው ጠቁሮ ረግፏል፤ በቦታው ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተነፋፍቶ ሙዳዩን ሞልቶታል። ከበሩ ነፋስ ሲገባ ብን ብሎ ወጣ፤ በመደቡ ላይ፣ በጽዋዎቹ ላይ፣ በመምሬ ጥምጥም ላይ አረፈ።

«በስመ አብ! ብል በልቶታል» አለች እናናየሁ።

እትዬ ከሙዳዩ ቆንጠር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነችና ጥጥ እንደምትዳብሰው በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው። «ብል አይደለም» አለች ቆይታ። «እያንዳንዷ ጭረት ጫፏ ላይ ፍሬ አላት። ዘር ነው። በነፋስ የሚሄድ ዘር ነው።» ዓይኗን ገለጠችና መምሬን አየቻቸው። «አባቴ፣ አደይ ጥጥ ያወጣል?»

መምሬ ጥምጥማቸው ላይ ያረፈውን አንስተው በብርሃን አዩት። «አያወጣም» አሉ። «የአደይ ፍሬ ጥቁር ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሙሉ ነው። ይሄን አላውቀውም።» ለጎናቸው ሰው አሳዩት፣ እሱም አያውቀውም። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ደገኛ፣ ከአራሹም ከሣር አጫጁም፣ አንድም የሚያውቀው ጠፋ።

«እንግዲያው የደጋ አይደለም» አለች እትዬ። «ደርሻለሁ ሲል ገና በረሃ ነበረ።»

ሙዳዩን ከደነችው። እናናየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ያቺን ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ጠልቻታለሁ፤ ያን ቀን ግን አልጠላኋትም።

በማግሥቱ ቁልቁለቱን ወደ አሊዩ አምባ ወረድን። አወል ገና ሙዳዩን ስታሳየው፣ ቅንጣቱን ከማሽተቱ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄማ የበረሃ ነው» አለ። «ከመጨረሻው ውኃ ወዲያ፣ ዝናብ ያገኘ እንደሆን የሚወጣ። ወዲያው አብቦ ወዲያው የሚጠፋ።»

«ስታመጣልኝ አላየኸውም?»

«ተጠቅልሎ ነው የሰጡኝ እህቴ። አደይ ነው አሉኝ፣ አደይ ነው ብዬ አመጣሁ። የሰው አደራ አይፈታም ብዬ ነው፤ አላህ ምስክሬ ነው።» ማን እንደሰጠው ጠየቀችው። አንድ መንገደኛ ነው፤ ለመንገደኛው ደግሞ የሰጠው ሁመድ የሚባል አፋር ባለ ግመል ነው። «ሁመድ ግመሎቹን ይዞ ሲመጣ እልክብሻለሁ» አላት። እስከዚያ ድረስ ተመልሰን ፈተልን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን?

ዐቢይ ጾም ገብቶ ሳለ አወል ላከ። ከአወል ጋር ሄደን ሁመድን ከገበያው በታች ግመሎቹ መሃል ተቀምጦ አገኘነው። ቀጭን፣ ፀጉሩ የጎፈረ፣ ጊሌ የሚሉትን ቆልማማ ጩቤ ጭኑ ላይ ያጋደመ ሰው ነው። እኔ ጊሌውን ሳይ ከአወል ኋላ ቆምኩ፤ እትዬ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ሙዳዩን ከፈተችለት። ሁመድ አየው። ከዚያ እሷን አያት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። መርዶው ያኔ ነው የተነገረ፤ ገና አንድ ቃል ሳይወጣ።

አወል እያስተረጎመ እንዲህ ነገረን። ከባሕር ሲመለሱ ደምመላሽን ንዳድ ያዘው። በግመል ላይ አስረው አመጡት፣ ቀን ያቃጥለዋል፣ ይቃዣል። በነሐሴ መጨረሻ ግድም አንድ ዝናብ መጣ። ዝናቡ ባለፈ በጥቂት ቀን ያ ምድረ በዳ ቢጫ ሆነ። ከሩቅ ደግሞ የኛ ተራራ ይታያል። ደምመላሽ ግመሉ ላይ ሆኖ ቀና አለና አየ። «ሳቀ» አለ ሁመድ። «ብዙ ሳቀ። አውርዱኝ አለ። አወረድነው። በእግሩ ሄደ፣ አበባው መሃል ገባና ተቀመጠ። አንዷን ቀነጠሰና ሰጠኝ፣ ለሴቲቱ ብሎ ወደ ተራራው አመለከተኝ። ቃልም ሰጠኝ። ማታውን አላገኘውም።» ራሱን ወደ ተራራው አድርገው ቀበሩት፣ ድንጋይ ከመሩበት። የአንገቱን ማተብ አልነኩም።

አወል ራሱን ያዘ። ሁመድ ለመንገደኛው «የሟች አደራ ነው» ብሎ ነበር የሰጠው። መንገደኛው ግን መርዶ ነጋሪ መሆን ፈርቶ ቃሉን ብቻ አቀበለና መንገዱን ቀጠለ። «መርዶ ተሸክሜ ዳገት ወጥቼ የምሥራች አልኩሽ!» እያለ አወል እንደ ሴት አለቀሰ። «ማርሽን በላሁ፣ እህቴ፣ ማርሽን በላሁ!»

እትዬ አወልን አልሰማችውም። «ቃሉን ይንገረኝ» አለች። «እንዳለው አድርጎ።»

ሁመድ አማርኛ አያውቅም፣ ገበያ ላይ «ጨው» እና «ውኃ» ከማለት በቀር። ቃሉን ግን እንደ አደራ ዕቃ ይዞታል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ቀና ብሎ፣ ሩቅ ላለ ሰው እንደሚጮህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረው፤ ደምመላሽ እንዲያ ብሎታላ!

«አደይ ፈንድቷል! ደርሻለሁ! ሐና! በሩን ክፈቺ!»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል አልደረሰችንም ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው ስትተላለፍ መንገድ ላይ ቀርታለች። ሁመድ ግራ ገብቶት አወልን በቋንቋው ጠየቀው፤ ምን ማለት ነው ማለቱ ነው። እትዬ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ያን ሁሉ ወር የከለከሏት እንባ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ግመሎቹ እንኳ አንገታቸውን አዙረው አዩን።

መርዶው በደንቡ ጎሕ ሲቀድ ተነገረ። በመስከረም እልል ያለው ጎረቤት ሁሉ በዚያው በር ዋይ እያለ ገባ። መምሬ ወልደ ሰንበት ምስክር ስላገኙ አላንገራገሩም፤ በክርስትና ስሙ በገብረ ጻድቅ ፈቱት። ደምመላሽ ገብረ ጻድቅ መባሉን ከእትዬና ከእሳቸው በቀር ማን ያውቅ ነበር? እኔ ራሴ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ለተዝካሩ እትዬ ከወለሉም ከመደቡም የለቀመችውን፣ ሙዳዩ ውስጥ የቀረውንም ያን ነጭ ነገር አወጣች። ለብቻው አይፈተልም፣ ይበጣጠሳል። ከባዘቶ ጋር እየቀላቀለች ቀስ ብላ ፈተለችው፣ ሰም አስነክታ ጧፍ አደረገችው። ጧፉ በመምሬ እጅ ላይ ነደደ። እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችበትም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ኖረች። ባል ፈልገው ሽማግሌ የላኩም ነበሩ፤ ጠላ አጠጥታ ሸኘቻቸው። ብዙም ሳይቆይ የከብቱ እልቂት መጣ፣ ከሱ ኋላ ያ ክፉ ቀን መጣ። በሬ የለም፣ እህል የለም፤ ሰው ሰውን ፈራ። አንኮበር በቀን እንኳ በሩን ጠርቅሞ መዋል ለመደ። እኛም ከስተን ከስተን ጥላ መስለናል። ቢሆንም አደይ ሰው ራበው ብሎ አይቀርም፤ መስከረም ጠባና ተረተሩ እንደ ዱሮው ቢጫ ለበሰ።

የዕንቁጣጣሽ ጧት ልጠይቃት ብሄድ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ ነፍስሽን ጠልተሻል? አገር እንዲህ ሆኖ በር ተከፍቶ ይታደራል? የሚገባውን ታውቂያለሽ?» እያልኩ እየጮኽኩ ገባሁ።

ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትፈትል ነበር። ጩኸቴን ሰምታለች መሰለኝ፤ ቀና ሳትል ነው የመለሰችልኝ።

«ግባ» አለች። «ተከፍቷል።»